ተቀባይ ያጣ ስለት

ይህ የሆነው አምና በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬአለሁ፤ በረሃ መሀል ጎማ ፈንድቶብኝ ብቻዬን አድሬ አውቃለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ሰው መሀል ቁጭ ብዬ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ለሰው ልንገረው ብዬ ስጀምር ሁሉም «ታዲያ ቦታው የማን ነው?» ብሎ ያቋርጠኛል። የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ሳያቋርጠኝ ለሚሰማኝ አንባቢ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ማንጎዋ ሥር ወንበር አውጥቼ መቀመጥና በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ መለየት ነው። ይሄ ተሳቢ ነው፣ ይሄ ቦቴ ነው፣ ይሄኛው ማርሽ መቀየር ያልተማረ ነው እላለሁ። ለማን እንደምል እንጃ። ልጅ አልወለድንም። ሚስቴ ዘሃራ ካረፈች ደግሞ ሁለት ዓመት አለፋት።

ዘሃራ የሙስሊም ልጅ ነበረች። እኔን ስታገባ ክርስትና ተነሣችና ወለተ ማርያም ተባለች። በዚያ ስም የጠራት ግን ከቄሱ በስተቀር አልነበረም። ለእኔም፣ ለጎረቤቱም፣ ለእድሩም ዘሃራ ነበረች። ጾሟን አጥብቃ ትጾማለች፤ ድንገት ከደነገጠች ግን የሚቀድማት «ያረቢ» ነው። እኔም ከእሷ ተምሬ ፍሬን ስይዝ «ያረቢ» እያልኩ ረዳቶቼ ሲስቁብኝ ኖረዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለኝና ከነጭነቱ ተገለበጥኩ። ሆስፒታል ስገባ ሰው አላውቅም ነበር። ሐኪሞቹ ዘሃራን ጥግ ወስደው ተስፋ እንዳታደርጊ ብለዋት ነበር አሉ። እሷ ደግሞ እዚያው ግቢ ወጥታ ፊቷን ወደ አገሯ አዙራ «ወይራምባ፣ ይሄን ሰውዬ ብትመልስልኝ ሙክት ፍየል ይዤልህ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። እንግዲህ ተርፌአለሁ። አንድ እግሬ ብቻ ትንሽ ይጎተታል።

ወይራምባን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ከቀወት ገጠር ወደ ላይ ወጣ ብሎ፣ ከጉብታ ላይ ያለ የፈረሰ የድንጋይ ከተማ ነው። ድሮ ትልቅ ከተማ ነበር ይባላል። አሁን የቀረው ግማሽ ግማሹ የቆመ ግንብ፣ የደረቀ የውሃ ጉድጓድ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ መቃብርና አንድ ትልቅ ወይራ ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ ወደ ውስጥ የገባ ቅስት አለ። ነገሩ ሁሉ እዚያ ቅስት ላይ ነው።

ሙስሊሞቹ ይሄ ሚህራብ ነው፣ ኢማሙ ቆሞ የሚያሰግድበት ነው፤ ከተማውም የጥንቶቹ የይፋት ነገሥታትና የሸሆቹ ነው ይላሉ። ክርስቲያኖቹ ደግሞ ይሄ የመቅደስ በር ነው፣ ከግንቡ ሥር ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ታቦቱም በክፉ ቀን እዚያው ተሸሽጓል ይላሉ። ሁለቱም ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው የሚሉት፤ ከኪሱ ያወጣው የለም።

በእኛ ጊዜ ይሄ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። በዓመት አንድ ቀን ማሽላው ተወቅቶ ሲያበቃ ሁሉም ይወጣል። የአንዱን እርድ ሌላው እንደማይበላ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሙስሊሙ ከወይራው በስተምሥራቅ ያርዳል፣ ክርስቲያኑ በስተምዕራብ። ስለት ያለበት ሰው የሚወደውን ይዞ ይመጣና ለየወገኑ ቢላ ይሰጣል። ወተቱን፣ ማሩንና ንፍሮውን ግን ሁሉም አብሮ ይቀምሳል። ለማን ተሳልክ ቢሉት ሰው «ለወይራምባ» ነው የሚለው፤ በቃ።

ነገር የመጣው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። አንዱ ወገን መስጂዱን ላድስ ሲል ሌላው ቤተ ክርስቲያኑን ላውጣ አለ። ከአዲስ አበባ ተመራማሪዎች መጡ፤ ለኩ፣ ፎቶ አነሡ፣ ሄዱ። ኋላ የጻፉትን ሁለቱም ወገን አነበበና ሁለቱም «ይኸው ለእኛ ፈረዱ» አለ። የአጣዬን ቃጠሎ ያየ አገር ነውና ሁሉም ሰው ፈራ። ወረዳው ግንቡን በሽቦ አጥሮ ሚሊሻ አቆመበት፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ማንም ድንጋይ እንዳያነሣ ተባለ። የዓመቱ መውጫ ቀንም ቀረ። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አምጡ ተባሉ። ማስረጃ ማለት ደግሞ እዚያ የሚሰግደው ማነው፣ የሚሳለው ማነው፣ የሚያርደው ማነው ነው።

ዘሃራ እኔ ቆሜ መሄድ ስጀምር ማጀቴ ገበያ ወርዳ ግልገል ፍየል ገዛችና ለስለቱ ማሳደግ ጀመረች። ፍየሉ ሳይደርስ እሷ ታመመች። አልጋ ላይ ሆና «ስለቴን አደራ፤ በአንተ ነፍስ ነው የተሳልኩት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ፍየሉ ነን። «ረዳት» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ሾፌር ያለ ረዳት ምን ዋጋ አለው ብዬ። ጠዋት ስወጣ ይከተለኛል። ስቀመጥ አጠገቤ ይተኛል። ሳወራው ቢያንስ ጆሮውን ያቆማል። እንደዚህ ሆነን አንድ ዓመት ከረምን፤ ልለየው አልፈለግኩም። ግን የእኔ ነፍስ የተለመነችበት ስለት ሳይከፈል ዘሃራ እዚያ እንዴት ታርፋለች እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። በዚያ ላይ አደራ ብላኛለች።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር ነበር። የዘሃራ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሰይድ የሚኖሩት ወይራምባ ሥር ነው። አባታቸው ጋብቻችንን ውለው አድረው ይቅር አሉን፤ ጋሽ ሰይድ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቤቴን ረግጠው አያውቁም። ገበያ ላይ ከተገናኘን ከእሷ ጋር ቆመው ያወራሉ፤ እኔን በአንገት ሰላም ብለው ያልፋሉ። ለቀብሯ መጥተው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው አየኋቸው። አፈር ተመልሶ ዞር ስል ሄደዋል።

ያን ቀን ጠዋት ረዳትን ገመድ አሰርኩለትና ባጃጅ ጠራሁ። ነጂው ፍየሉን እያየ «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ መስኮት ዳር ካልሆነ አይሄድም መሰለኝ» ብሎ ቀለደ። ጥቂት እንደሄድን የት ነው አለኝ። ወይራምባ ስለው ቀልዱ ቆመ። በመስታወቱ ሲያየኝ ቆይቶ «ለየትኛው ወገን ነው?» አለኝ።

«ለቦታው ነው» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ አሁን እንደዚያ አይባልም» አለ።

ባጃጁ ከሚቆምበት በእግር ወጣን። ፀሐዩ ቆላ መሆኑን ያስታውሳል። እኔ እግሬን እየጎተትኩ፣ ረዳት ያገኘውን ቁጥቋጦ ሁሉ እየቀመሰ ደረስን። በሽቦው አጥር በስተምዕራብ ሸራ ተወጥሯል፤ በስተምሥራቅም ሌላ ሸራ። አንዱ ሌላው እንዳይገባ ለመጠበቅ በየተራ እየመጡ ይውላሉ። መሀል ላይ ሚሊሻው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የተቀበለኝ አቶ በለጠ ነው። የሰበካ ጉባኤ ሰው ነው፤ ድሮ እህሉን እጭንለት ስለነበር ያውቀኛል። ፊቱ በራ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እንኳን ደህና መጡ። የወለተ ማርያም ስለት ነው አይደል?»

ለአፍታ ማንን እንደሚል ጠፋኝ። «አዎ፣ የዘሃራ ነው» አልኩት።

«በክርስትና ነው ያረፈችው፣ በቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበረችው። እንግዲህ ስለቷ የእኛ ነው። አሁኑኑ ይታረዳል። እርስዎም አንድ ነገር ይተባበሩን፤ ጉዳዩን ለሚያጣሩት ሽማግሌዎች ሚስቴ ለታቦቱ ተስላ ነበር ብለው ቃልዎን ይስጡልን።»

«ለታቦቱ አላለችም እኮ።»

«ታዲያ ለማን አለች?»

«ለወይራምባ።»

አቶ በለጠ ሳቅ አለ። «ወይራምባ አፍ የለው፣ ጋሽ ታደሰ፤ ሙክት አይበላ። የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ገመዱን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

ይሄኔ ከማዶው ሸራ ጋሽ ሰይድ ተነሥተው መጡ። ሽበታቸው ጨምሯል፤ ከዘራ ይዘዋል። ሰላም አላሉኝም። ቀጥ ብለው ፍየሉ ጋ ሄደው ጀርባውን ዳበሱት።

«ይሄ የእህቴ ስለት ነው» አሉ። «እናታችን እኔንም እሷንም ስታምጥ የተጣራችው ወደዚህ ነው። ዘሃራ ስለት መሳልን ከእናቷ ነው የተማረችው፤ ከቄስ አይደለም። ቢስሚላህ ተብሎ ይታረዳል።»

«ጋሽ ሰይድ፣ እሷ እኮ ክርስቲያን ነበረች» አለ አቶ በለጠ።

«ስትወለድ እዚህ የነበርከው አንተ ነህ እኔ?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አንዱን ውሸታም ብል አንጀቴ ይርሳል፣ ግን አልቻልኩም። ድምፅ ከፍ ሲል ከሁለቱም ሸራ ሰው መነሣት ጀመረ። ይሄኛው የዘሃራን ቀብር እየጠቀሰ፣ ያኛው የዘሃራን አባት ስም እየጠራ። እኔና ፍየሉ መሀል ቆመናል። ሚሊሻው ተነሥቶ መጣ።

«ማንም ቢላ አያወጣም» አለ። «ዛሬ እዚህ ደም ከፈሰሰ፣ የፍየልም ይሁን፣ ነገ ሮቢት ላይ ምን ተብሎ እንደሚወራ ታውቃላችሁ።»

ያኔ ነው ንዴቴ የመጣው። «እናንተ ሰዎች፣ ይሄ ስለት እኮ የተሳለው እኔ እንድተርፍ ነው» አልኳቸው። «ከመጣሁ ጀምሮ እግርህ እንዴት ሆነ ያለኝ ሰው የለም። ሚስቴን ስትካፈሉ ቆማችሁ እኔን አላያችሁኝም። የምስክር ያለህ የምትሉ ከሆነ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሞቼ ነበር፣ እሷ ለመነች፣ ተረፍኩ።»

አንድ ሁለቱ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ወደየሸራቸው ተመለሱ። ሚሊሻው ለስለስ ብሎ «ይዘውት ይመለሱ፣ ጋሼ፤ ይሻላል» አለኝ። አይሆንም። ለስለት የወጣ ከብት ወደ ቤት አይመለስም። ይሄን ሁለቱም ወገን ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። አንዱ ተቀብሎ እንዲያርድ ሌላው አይፈቅድም፤ እኔም ይዤ መመለስ አልችልም።

ሽቦው አጠገብ ካለ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ገብቼ ተቀመጥኩ። የምሳ ሰዓት ደረሰ። ከምዕራቡ ሸራ «ጋሽ ታደሰ፣ ይምጡ ይቅመሱ» አሉኝ። ከምሥራቁም አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ጠሩኝ። የቱ ጋ ሄጄ ብቆርስ የዚያ ወገን ምስክር እንደምሆን ገባኝ። በሁለቱም በኩል እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩና ቀረሁ። የወጡ ሽታ በሁለቱም በኩል ይመጣል። በዚህ አገር ሰው ፊት ምሳ ሳልበላ የዋልኩት የመጀመሪያ ቀኔ ነው።

ከሁሉም የከፋኝ ረሃቡ አይደለም። ዘሃራ ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም ሸራ ገብታ ወጥ ቀምሳ፣ ሁለቱንም ጨው በዝቶበታል ብላ ትወጣ ነበር። እኔ ግን እንደ እሷ አይደለሁም። እሷ ከሌለች ከሁለቱም ወገን ማንንም አላውቅም፤ የማውቃቸውን ሁሉ የማውቃቸው በእሷ በኩል ነበር። እዚያ ቁርቁራ ሥር ይሄ ሲገባኝ እንባዬ መጣ። ረዳት ትከሻዬን ያሸተኛል።

ሙስሊሞቹ የቀትሩን ሰግደው ሲጨርሱ ጋሽ ሰይድ ብቻቸውን መጡ። በቢጫ ጄሪካን ውሃ ይዘዋል። የተቆረጠ ጎማ ፈልገው አጠገቤ አስቀመጡና ለፍየሉ ቀዱለት። ጠጣ። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፍየሉን ሲያዩት ቆዩ።

«ስም አለው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ረዳት ነው የምለው።»

«ዘሃራ ናት ያወጣችለት?»

«አይ፣ እኔ ነኝ። ብቻዬን ከቀረሁ በኋላ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ ሳያዩኝ እንዲህ አሉኝ፦

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልታስደስተኝ ብለህ ከምትዋሸኝ ዝም በል። ነፍሷ ልትወጣ ስትል ማንን ጠራች?»

ምን እንደሚጠይቁኝ ወዲያው ገባኝ። ማርያምን ነው ወይስ ነቢን ነው። ስለ ፍየሉ አልነበረም፤ ስለ ግንቡም አልነበረም። እኚህ ሰውዬ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ይቺን ጥያቄ ይዘው ነው የኖሩት። በዚያች ሰዓት ከአፏ የወጣው ስም እህታቸው የት እንደሄደች ይነግረኛል ብለው ነው። ፊታቸውን ሳየው ፈራሁ። ብዋሽላቸው የሚያርፉ መሰለኝ። ግን አትዋሽ ብለውኛል።

«ማርያምንም አልጠራች፣ ነቢንም አልጠራች» አልኳቸው።

«ታዲያ ዝም ብላ ነው የሄደችው?»

«አይደለም። እርስዎን ነው የጠራችው።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰይዴ አለች። ሰይዴ፣ ቆይ ጠብቀኝ አለች። ደጋግማ ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

ጋሽ ሰይድ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው ፊታቸውን ሸፈኑ። አለቀሱ። ከሸራው ሰዎቹ እንዳያዩአቸው ዞር ብዬ ከለልኳቸው። ቆይተው ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆኗል።

«ልጆች ሆነን ውሃ ስንወርድ እንዲያ ነበር የምትለኝ» አሉ። «እኔ እፈጥናለሁ፤ እሷ እንስራዋን ይዛ ከኋላ ሰይዴ ቆይ ጠብቀኝ ትላለች። አንድ ቀን ጠብቄያት አላውቅም። ያረብ፣ አንድ ቀን እንኳ።»

ከጎናቸው ሄጄ ተቀመጥኩ፤ አልተነሡም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተዛምደን አንድ ድንጋይ ላይ ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው።

ሲበርድላቸው ተነሥተው ፍየሉን አዩት። «ስለት የሚከፈለው ቦታው ላይ ሲለቀቅ ነው» አሉ። «ማን ያርደዋል የሚለው የእኛ ጣጣ ነው እንጂ የአንተም የዘሃራም አይደለም። ልቀቀው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሱ ያውቃል።»

ገመዱን ለመፍታት ጎንበስ አልኩ። ረዳት ደግሞ ስለምፈታው ደስ ብሎት ይታከከኛል። «ዘሃራ የተሳለችው ይኸው፤ እኔም ተርፌ አምጥቻለሁ» አልኩና ፈታሁት። ትንሽ አጠገቤ ቆመ። ወዲያው ግን የግንቡ ላይ ለምለም ታየውና በሽቦው ሥር ሾልኮ ገባ። አቶ በለጠ ከሸራው ወጥቶ አየ። ጋሽ ሰይድን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ገባ። ሚሊሻው ሰው እንዳይገባ ነው የታዘዘው፤ ፍየል አልተባለም። ዞር ብሎ ተቀመጠ።

ፍየሉ እስከ ዛሬ እዚያ ነው። የሚይዘው ወገን ሰረቀ ስለሚባል ማንም አይነካውም። አንዱ ወገን ሌላው እንዳያርደው ይጠብቃል፤ ውሃ ደግሞ ሁለቱም ያጠጡታል አሉ። ወፍሮ ቅስቱ ጥላ ውስጥ ነው የሚውለው። ባጃጅ ነጂዎቹ «ከተማውን የጋሽ ታደሰ ረዳት ወረሰው» እያሉ ይቀልዱብኛል። የቦታው ጉዳይ ግን አላለቀም፤ ሽቦውም አልተነሣም።

ጋሽ ሰይድ ያን ቀን እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። ዘሃራ የተቀበረችው የት ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በየትኛው በር ተገብቶ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳምንታት ቆይቶ የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ መጥተው መቃብሯ አጠገብ ብዙ ቆመው እንደሄዱ ነገረኝ። ቤቴ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ወደ እኔ ግን ጎራ አላሉም። ምሳ አሠርቼ በጠበቅኳቸው ነበር። አሁንም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ አላማርራቸውም።

ያን ቀን ቤቴ ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። በሩን ስከፍት የሚሮጥልኝ የለም። ከማንጎዋ ሥር ብቆም ብቀመጥ ያው ሆነብኝ። ስለቷን ከፍያለሁ፤ ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር። እሱ ግን አይደለም የሆነው።

ለጋሽ ሰይድ የነገርኳቸው እውነት ነው። ለእሳቸው ያልነገርኳቸው፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ግን አለ። ዘሃራ ወንድሟን ስትጠራ እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እጇን በሁለት እጄ ይዤ። ከሌሊት ጀምሮ አልተነሣሁም። አሁን ስሜን ትጠራለች፣ አሁን «ታዴ» ትላለች እያልኩ አፏን አፏን አየሁ። አልጠራችኝም። ጋሽ ሰይድ ያን ቀን ሲያለቅሱ አዘንኩላቸው፤ ቀናሁባቸውም። የእሳቸውን እንባ የሚያመጣ ቃል እሷ ትታላቸዋለች፤ ለእኔ የቀረልኝ መስማቱ ነው።

አሁን ምን እንደምል ልንገራችሁ። ሰው የሚጠራው የራቀውን ነው፤ እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ፣ እጇንም ስለያዝኳት መጥራት አላስፈለጋትም እላለሁ። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ።